«ስትጥይኝ ያዢኝ!»

የሴቶች ሬስሊንግ ሲባል ገና ከስሙ ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም! ሬስሊንግ ማለት በየቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረው «በለው! ድገመው!» የሚሉ ወንዶች መዝናኛ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ክርክራችንም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እውነት ነው ወይስ የውሸት?» እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ኮሜዲ ግን ይህን ጥያቄ ከቁም ነገርም አይቆጥረው። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው። የከዳችሽ ጓደኛ አንገትሽን ትጠብቅልሻለች ብለሽ ራስሽን አሳልፈሽ ትሰጫታለሽ ወይ?

ፊልሙ «ግሎው» ይባላል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በሦስት ሲዝን 30 ክፍል አሳይቶታል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1985 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ሩት የሚቀጥራት ያጣች ተዋናይ ናት። ዴቢ ደግሞ በቴሌቪዥን ድራማ ታዋቂ ከሆነች በኋላ ወልዳ ቤት የዋለች የልብ ጓደኛዋ። ሳም የሚባል፣ ርካሽ ፊልም ሲሠራ የኖረ ነጭናጫ ዳይሬክተር ለሴቶች ሬስሊንግ ልጆች ይመለምላል ሲባል ሩት ትሄዳለች። እናንተዬ፣ ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው! ለካ ሩት ከዴቢ ባል ጋር ተኝታለች። ዴቢ ይህን ስታውቅ ጂሙ ድረስ ትመጣና ሪንጉ ውስጥ ገብታ ትቀጠቅጣታለች። ዳይሬክተሩ ሮጦ ይገላግላል ስትሉ... እሱ ቆሞ ሲያይ ገበያ ታየው! ሁለቱንም ቀጠራቸው። ዴቢ የአሜሪካ ጀግና «ሊበርቲ ቤል»፣ ሩት ደግሞ የሶቭየቷ ክፉ «ዞያ» ሆኑ።

አሁን አንድ የሬስሊንግ ምስጢር ልንገራችሁ። ወደ ላይ ተነስታ ስትወረወር የምታዩዋት ልጅ ራሷ ዘላ ካላገዘች በቀላሉ አትነሳም። ስትወድቅም አገጯን ወደ ደረቷ ሰብስባ በጀርባዋ ጠፍጠፍ ብላ ነው የምታርፈው። የወርዋሪዋ ትልቁ ሥራ ደግሞ መወርወሩ ሳይሆን የዚያችን አንገትና ጭንቅላት መጠበቅ ነው። ተመልካቹ ጠብ ያያል፤ እነሱ ግን በሹክሹክታ እየተነጋገሩ ይሠራሉ። ስለዚህ ዴቢ በየምሽቱ ነፍሷን የምታስይዘው ማን ዘንድ ነው? ባሏን የወሰደችባት ሴት ዘንድ! እኔ ኮሜዲ ነው ብዬ ገብቼ መሳቁን የረሳሁት እዚህ ላይ ነው። (ለነገሩ ይህ ሁሉ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በዚሁ ስም የሚጠራ እውነተኛ የሴቶች ሬስሊንግ በ1986 ዴቪድ ማክሌን የሚባል ሰው መሥርቶት በላስ ቬጋስ እስከ 1990 ሲታይ ነበር። የዚያን ጊዜዎቹን ልጆች ያሰለጠናቸው ማንዶ ጌሬሮ ነው፤ የፊልሙን ተዋናዮች ያሰለጠናቸው ቻቮ ጌሬሮ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ነው።)

ያየሁት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነው። ስሟን አልጠራም፤ የዴቢ ዕጣ ደርሷታል። ፀጉር ቤት በጋራ የከፈተችው ከዚያችው «ጓደኛዋ» ጋር ስለሆነና ኪራዩም በሁለቱ ስም ስለሆነ እስከ ዛሬ አንድ ቤት ይሠራሉ። ሰላምታ የለም። ግን አንዷ ደንበኛ ስታጥብ ሌላዋ ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ታያለች። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ተሳሳሙና ይብቃ!» ቢላት «ሥራው ሥራ ነው፣ መሳሙን ተዉኝ» አለች። እና እሷ ከጎኔ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ «ስበሪያት! ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች ዴቢን ስታበረታታ ከረመች።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ዴቢ በእርግጥም ሰበረቻት። ዕፅ ወስዳ ሪንግ ገብታ የሩትን ቁርጭምጭሚት ሰበረችው። ጓደኛዬ አልጨበጨበችም። ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና አቆመችው። «አይ፣ እንዲህማ አይደለም። በሥራ ላይማ አይደለም» አለች። ቀጥሎ ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱ በሆዳቸው የያዙትን ሁሉ እየጮሁ ይዘረግፉታል። እኔ በቴሌቪዥን ካየኋቸው ጠቦች ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። የተበደለችውም በዳይ ሆና፣ በዳይዋም ተበድላ፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ ማንን «ጥፋተኛ» እንደሚል ግራ ይገባዋል!

ከዚያ በፊት ያለው አንድ ክፍልም አይረሳኝም። የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቃ ሩትን ለሥራ ብሎ ሆቴል ክፍሉ ይጠራታል፤ ነገሩ ሲገባት ሮጣ ታመልጣለች። ወዲያው ፕሮግራማቸው ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይወረወራል። ዴቢ ታዲያ የተቆጣችው በማን ላይ ይመስላችኋል? በሩት ላይ! እንዲህ ያለውን ቁጣ በየመሥሪያ ቤቱ የሰማችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ።

የጎረበጠኝ ነገር ቢኖር የልጆቹ ገጸ ባሕርይ አሰጣጥ ነው። ጥቁሯ ታሜ «የመንግሥት ድጎማ ንግሥት» ትባላለች፤ የሕንድ ዘር ያላት አርቲ አረብ አሸባሪ ትደረጋለች። ፊልሙ ይህን የሚያደርገው የዘመኑን አሜሪካ ሊያሳፍር ነው፤ የታሜ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ እናቱ ስትዋረድ የሚያይበትን ክፍል ያየ ይገባዋል። (ታሜን የምትጫወተው ኪያ ስቲቨንስ የእውነት ሬስለር ነበረች።) ግን አሰብኩት፤ በዚያ በ1985 አንዲት ሐበሻ ልጅ ያንን ጂም ብታንኳኳ ምን ብለው ሪንግ ያስገቧት ነበር? በዚያ ዓመት በቴሌቪዥናቸው ምን ሆነን እንታይ እንደነበር ለማናችንም አይጠፋንም። ስሟን መገመት አያቅትም።

አራተኛውና የመጨረሻው ሲዝን ቀረጻው ተጀምሮ ነበር። ኮሮና መጣና በ2020 ጥቅምት ወር ላይ ኔትፍሊክስ ሰረዘው። አላዘንኩም ብል እዋሻለሁ! የቀረን መጨረሻ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያለው ነው። ዴቢ የራሷን ጣቢያ ይዛ ለሩት የዳይሬክተርነት ሥራ ትሰጣታለች፤ ሩት «ትወና ነው የምፈልገው» ብላ ትታት ትሄዳለች። ጓደኛዬ «ምን ዓይነት ምስጋና ቢስ ናት!» ብላ ተናደደች። እኔ ደግሞ ሩት ልክ ናት ባይ ነኝ፤ ዕዳ ያለባት ሰው በአበዳሪዋ ቤት ተቀጥራ እስከ መቼ ትኖራለች? በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ባለፈው ፀጉሬን ልሠራ ብሄድ እንኳ ገና ካስኩ ሥር ሳልገባ እንደገና ጀመረችኝ። ያቺኛዋ ከወዲያ ማዶ ፎጣ እያጠፈች ጆሮዋን ጥላ ትሰማ ነበር።