ርቀት ጠባቂው ሞተር ብስክሌት

ረጅም መንገድ በሞተር ብስክሌት የተጓዝን ሁሉ የቀኝ እጃችንን ድካም እናውቀዋለን። የነዳጅ መስጫውን እጀታ በአንድ ልክ ጠምዝዞ መያዝ ለጥቂት ደቂቃ ቀላል ቢመስልም፣ ከሰዓታት በኋላ አንጓን ያደነዝዛል። ስለዚህ ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቅ፣ ከዚያም አልፎ ከፊት ከሚሄደው ተሽከርካሪ ጋር ያለውን ርቀት የሚመጥን መሣሪያ በሞተር ብስክሌት ላይ መግጠም ቅንጦት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም።

የነገሩ መነሻ ከመኪና ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር ራልፍ ቲቶር በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ለፍጥነት መጠበቂያ መሣሪያቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። በ1958 ዓ.ም. የክራይስለር ኩባንያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በመኪኖቹ ላይ አዋለው። ይሁን እንጂ ያ መሣሪያ የታዘዘውን ፍጥነት ይጠብቃል እንጂ ከፊቱ ማን እንዳለ አያውቅም ነበር። በ1999 ዓ.ም. መርሴዲስ ቤንዝ በራዳር ርቀትን እየለካ ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር መኪና አወጣ። ሞተር ብስክሌት ግን ከ20 ዓመት በላይ ጠበቀ። በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ የተዋወቀው የኢጣልያው ዱካቲ ሙልቲስትራዳ ቪ 4 ከፊትም ከኋላም ራዳር ይዞ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ሆነ፤ የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩም ወዲያው ተከተለ።

ይህ ሁሉ መዘግየት ስለ ምን ሆነ? መኪና በአራት እግሩ የቆመ ነው፤ ነጂውም በቀበቶ ታስሮ ይቀመጣል። የሞተር ብስክሌት ሚዛን ግን ራሱ ነጂው ነው። ሰውዬው ሳይዘጋጅ ፍሬን በድንገት ቢያዝ ወደ ፊት ይወረወራል፤ በመታጠፊያ ላይ ጎማው ጋደል ባለ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የማጋደሉን ልክ የሚያውቅ መለኪያ ጨመሩበት፤ ፍሬኑንም በለሰለሰ መጠን እንዲይዝ አደረጉት።

ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ቢ.ኤም.ደብልዩ ራሱ አር 1250 አር.ቲ. የተባለውን ሞተር ብስክሌቱን ባስተዋወቀ ጊዜ እንደገለጸው፣ መሣሪያው የሚያስተውለው የሚንቀሳቀሱትን ተሽከርካሪዎች ነው፤ በመብራት ወይም በመንገድ መጨናነቅ የቆመውን መኪና አይቆጥርም። ያን ጊዜ ፍሬን መያዝ የነጂው ፈንታ ነው። እንግዲህ ርቀቱ ተጠብቆልኛል ብሎ ዓይኑን ከመንገድ ያነሣ ሰው፣ ከቆመው ሰልፍ ጭራ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በዙሪያውም የሚከልለው የብረት ግድግዳ የለውም። ከብትና እግረኛ አስፋልቱን በሚጋሩበት በእኛ አገር መንገድማ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ተሽከርካሪን እንዲከተል የተሠራ መሣሪያ፣ ድንገት ለሚሻገር ሕፃን ዋስ ይሆናል ብለን አናምንም።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ ፈረሱን መናቃቸው አልነበረም፤ የፈረሱን ሥራና የፈረሰኛውን ሥራ መለየታቸው ነበር። እኛም አዲሱን መሣሪያ አንነቅፍም፤ በሰፊና ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ የነጂውን ድካም እንደሚያቀልለት እናምናለን። ነገር ግን ሻጩ ቁልፉን ከማስረከቡ አስቀድሞ፣ መሣሪያው ምን እንደማያይ ለገዢው በግልጽ ሊያስረዳው ይገባል፤ ገዢውም ይህን ሳይጠይቅ መንገድ አይጀምር።