ስክሪኑና ማስመሪያው

ቤታችን ውስጥ እንጨት የምትቆርጥ ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን አለችን። ሰሞኑን ለአንዲት አነስተኛ የጸሎት ቤት አትሮንስ ልንሠራባት ተዘጋጅተናል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ በስጦታ የመጣ ስለሆነ ቢበላሽ የሚተካው የለም። ስለዚህ አስቀድመን ማሽኗን ፈተሽናት።

ሞተሩ አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ መቆጣጠሪያው እያንዳንዷን እርምጃ 16 ቦታ ይከፍላታል፣ 3200 ማለት ነው። ባለ 20 ጥርሱ ፑሊ አንዴ ሲዞር ቺንጋውን 40 ሚሊ ሜትር ይስበዋል። በስሌቱ መሠረት ለአንድ ሚሊ ሜትር 80 እርምጃ ይበቃል።

በፑንታው ቦታ ሹል መርፌ አስረን በኤክስ አቅጣጫ 300 ሚሊ ሜትር እንድትሄድ አዘዝናት። ስክሪኑ 300 አለ። በብረት ማስመሪያ ስንለካ ግን 298.5 ነው። ማሽኗ አልዋሸችም፤ የታዘዘችውን እርምጃ ሁሉ ተራምዳለች። የምትቆጥረው ግን የራሷን እርምጃ እንጂ የደረሰችበትን አይደለም፤ ዓይን የላትም። ብዙዎቻችን አገልግሎታችንን የምንቆጥረው እንዲሁ ነው፦ ስንት ጉባኤ፣ ስንት ጾም፣ በመዘምራን ስንት ዓመት። ቁጥሩ እውነት ነው። ጎረቤታችን ዘንድ የደረሰው ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ግን ከዚያ ቁጥር አይነበብም፤ ጎረቤታችንን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማስተካከያው ቀላል ነው፤ 80ን በ300 አባዝቶ ለ298.5 ማካፈል። 80.40 ይመጣል። (በአጭር ርቀት ባትለኩ ይሻላል፤ በ10 ሚሊ ሜትር ላይ ይኸው ጉድለት 0.05 ብቻ ስለሆነ ማስመሪያ አያሳየውም።)

የከበደን ሌላው ነው። ማሽኗ አቅጣጫ ቀይራ ስትመለስ፣ 10ም ትመለስ 300፣ ሁልጊዜ 0.3 ታጎድላለች። ከርቀቱ ጋር የሚያድግ ጉድለት በቁጥር ይስተካከላል። በመመለስ ጊዜ ብቻ የሚታየው ግን የላላ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ የፑሊው ብሎን ወይም ቺንጋው። የትኛውም ቁጥር አያጠብቀውም። ዘዳግም ምዕራፍ 25 በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን ይከለክላል። ስንበደል የምንለካበትና ስንበድል የምንለካበት ሲለያይ፣ ተጨማሪ አገልግሎት መደረብ ያንን ልልነት አያጠብቀውም። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው በስም ይታወቃል፤ ወደ እርሱ መሄድ ነው።

ብሎኑን አጥብቀን ቺንጋውን ስንወጥር 80.40ም እንደገና መለካት ይኖርበታል። ዋይና ዜድም ገና ናቸው። ከዚያ በቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ 200 በ200 ካሬ ቆርጠን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል እንለካለን፤ እኩል ካልሆኑ ዋንዛውን አንነካውም።