ፈተናውን ወስደሽ የት ልታደርሺው?

ለገዳዲ በኦሮምኛ የጠጅ ወንዝ ማለት ነው። ጠጁን አላየሁም፤ ያየሁት ውሃ ነው። ከመገናኛ ተነስቶ በአያት አድርጎ፣ ለገጣፎን አልፎ ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ተከትለው ሲሄዱ ግድቡ እዚያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃልላለች። የሚኒባስ ረዳቶች ግን አሁንም የሚጣሩት በድሮው ስሟ ነው።

ከቨርጂኒያ መጥቼ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው ያረፍኩት። ለኦሮምኛው እንግዳ መሆኔን አውቄ ነው የመጣሁት። ያልጠበቅሁት ለአማርኛውም እንግዳ ሆኜ መገኘቴን ነው።

ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ እራት ላይ ነው። የቤቱ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። «ፈተናውን ከወሰድኩ በኋላ ክረምቱን ኮምፒውተር እማራለሁ» አለች። አያቷ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀና አሉና «ፈተናውን ወስደሽ የት ልታደርሺው?» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቱ ግን መልስ አላጣችም፤ «እማማ፣ እኛ መች እንወስደዋለን፣ እሱ ነው የሚወስደን!» እውነቷን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው። ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው በአውቶቡስ ይጫናሉ፤ እናቶችም መንገድ ዳር ቆመው ይሸኛሉ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማ አለኝ። ወጣቱ ሻወር ይወስዳል። ነጋዴው ሪስክ ይወስዳል። ሠራተኛው ዕረፍት ይወስዳል፣ ሥልጠና ይወስዳል። ባለሥልጣኑ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኃላፊነት ይወስዳል፤ እርግጥ ይህን የሚያደርገው አልፎ አልፎ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና መከላከያው ሲገባም «ክትባት ይውሰዱ» ነበር የተባለው። ተከተቡ የሚል አንዲት ቃል እያለችን ሁለት ቃል አወጣንበት።

ይህን ግሥ አውቀዋለሁ፤ የቨርጂኒያ ጎረቤቴ ነው። እንግሊዝኛውን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመኪና ማቆሚያ ሥራ ስለሆነ የሰማሁት ሁሉ «ቴክ» ነበር። አለቃዬ ዕረፍ ሲለኝ «ቴክ ኤ ብሬክ»፣ ሐኪሙ ኪኒን ሲያዝልኝ «ቴክ»፣ የቢሮዋ ሴትዮ ተቀመጥ ስትለኝ «ቴክ ኤ ሲት»፣ ስንለያይ ደግሞ «ቴክ ኬር»። ሰዎቹ አውቶቡስ ይወስዳሉ፣ ፎቶ ይወስዳሉ፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ተራ በተራ ሲሠሩ እንኳ ተራ ይወስዳሉ። ጉባኤ ሲካሄድ ጉባኤው ራሱ ቦታ ይወስዳል። ደንብ አትፈልጉለት፤ የለውም። አሜሪካዊው ሻወር «ሲወስድ» እንግሊዙ ብዙ ጊዜ ሻወር «አለው» ነው የሚለው። ውሳኔንም አሜሪካዊው «ይሠራል»፣ እንግሊዙ «ይወስዳል» ቢባል ያስኬዳል። ልጆቻቸው ሲያድጉ ከእናታቸው አፍ ይለቅሙታል፤ እኛ ግን አንድ በአንድ መሸምደድ ነው ያለብን።

የሚገርመው ቃሉ ለራሳቸውም መጤ መሆኑ ነው። ከሰሜን ባሕር ማዶ መጥተው እንግሊዝ አገር የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን ይዘውት የገቡት ነው። ቀድሞ እንግሊዞች «ኒማን» ይሉ ነበር። መጤው ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣውና ዛሬ ከኒማን የተረፉት ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። አንዱ እጅ ሲደነዝዝ የሚሉት «ነም» ነው፤ ሥረ ፍቺው «የተወሰደ» ማለት ነው፤ ስሜቱ ተወስዷል።

ወደኛው ስመለስ፣ በአማርኛ እያንዳንዱ ስም የራሱን ግሥ ጠርቶ ያመጣል። ፎቶ ይነሳል። ትንፋሽ ይሳባል። ሙቀት ይለካል። ኪኒኑ ይዋጣል፣ ሽሮፑ ይጠጣል። ፖሊስ የተከሳሽን ቃል ይቀበላል። ውሳኔ ይሰጣል ወይም ይተላለፋል። ልምድና ትምህርት ይቀሰማሉ፤ ንብ ከአበባ ላይ የምትሠራበትን ግሥ ለተማሪ ያዋሰው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጅ እነሳው ነበር። እንግሊዝኛው በ«ቴክ» ከሚጠራርገው ከፊሉን እኛ የምናከናውነው በ«ያዘ» ነው። መገናኛ ወረፋ ያዝን፤ ታክሲ ውስጥ ቦታ ያዝን፤ ለገዳዲ ከሐኪም ቀጠሮ ያዝን፤ እኔ ደግሞ ይህን ማስታወሻ ያዝኩ።

ታዲያ «ወሰደ» ምን ይሠራ ነበር? ዕቃ ከቦታ ቦታ ያደርስ ነበር፤ መንገዱም ወደ ግድቡ ይወስዳል። ከዚህ ወጥቶ ከስም ጋር ሲጣመር ግን ወሳጁ ሰው አይደለም፣ ሰው ተወሳጅ ነው። እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን። ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ያለውን ሰው ሐሳብ ወሰደው እንላለን። አእምሮው አልረጋ ያለውን ወሰድ መለስ ያደርገዋል እንላለን። ጎርፍ ይወስዳል፣ ጅብ ይወስዳል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠች እናትም «ሞት ወሰደብኝ» ትላለች። እንግሊዝኛው ሰውየውን እንቅልፍ ሲያስወስደው በኛ ዘንድ እንቅልፉ ሰውየውን ይወስዳል። በአያትየዋ ጥያቄ ያሳቀን ይህ ይመስለኛል፤ ለእርሳቸው ፈተናን የሚያህል ነገር ሰው ሊወስደው አይችልም።

የአጎቴን ልጅ ባለቤት ኦሮምኛው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። በኦሮምኛ አፏን የፈታች ናት፤ ጥያቄዬ ግን አሳቃት። እንቅልፍ ወሰደኝ ለማለት «ሂሪብኒ ና ፉዸቴ» ይላሉ፤ ያው ወሰደኝ ነው። ፎቶም እንደኛው ይነሳል፣ «ሱራ ካሱ»። ጎን ለጎን ሲኖሩ የቆዩ ቋንቋዎች ናቸውና ማን ከማን ተማረ የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ሦስተኛው ምሳሌዋ ግን ቀልቤን ሳበው፦ «ተርካንፊ ፉዸቹ»፣ እርምጃ መውሰድ።

እርምጃ የእግር ነገር ነው። እግር ይራመዳል፤ እርምጃውን ከመሬት አንስቶ የሚወስድ የለም። ሐረጉ ከፈረንጅ አፍ ተተርጉሞ በቢሮ ደብዳቤ የገባ ይመስለኛል። የገባበት መንገድ ምንም ይሁን፣ የሠራው ሥራ ከሻወሩ ጋር አንድ ላይ የሚታይ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ሰው ተገደለ አይባልም ነበር፤ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ነበር የሚባለው። ያለ ፍርድ ቤት ይገድሉ ዘንድ ለቀበሌ ጠባቂዎች የተሰጠው ፈቃድም «ነፃ እርምጃ» ይባል ነበር። አስከሬኑ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ ያድር ነበር። ዛሬ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲገቡ የሟቾቹ ፎቶግራፎችና አጽሞች አሉ። ያን ሁሉ አጽም «እርምጃ» የሚል አንድ ስምና «ተወሰደ» የሚል አንድ ግሥ ሸፍነውት ነበር።

«ተወሰደ» የሚለው አነጋገር ወሳጁን ይደብቃል። «ገደለ» ብትል ሰሚው «ማን?» ይልሃል። «እርምጃ ተወሰደ» ስትል ግን ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ጠያቂ የለውም። በ«ወሰደ» ላይ የነበረው የጥንቱ ጥላ፣ የጎርፉና የሞቱ፣ አሁን ለመንግሥት አገለገለ፤ ማንም ሰው ያላደረገው፣ እንደ መዓት የወረደ አስመሰለው።

ለገጣፎ ለገዳዲም ይህን ሐረግ ከሩቅ አይደለም የምታውቀው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ብዙ ቤቶች አፈረሰ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ለዓመታት የኖርንባቸው፣ ግብር የከፈልንባቸው ናቸው ይሉ ነበር። ክርክሩን እዚህ ልፈርድ አልተነሳሁም። የማነሳው እንዲህ ያለው ነገር የሚነገርበትን ቋንቋ ነው። «በሕገ ወጥ ግንባታ ላይ እርምጃ ተወሰደ» የሚለው ዜና ውስጥ ቤት የለም፣ ጣራ የለም፣ ዕቃዋን ሜዳ ላይ ያወጣች ሴት የለችም፤ አፍራሽም የለም። ፈረሰ ቢባል ኖሮ ቢያንስ አቧራው ይታይ ነበር።

የቋንቋ ዘበኛ አይደለሁም። ልጅቱ ፈተናዋን ብትወስድ አማርኛ አይሞትም፤ አያቷ እስካሉ ድረስ ደግሞ ማረሚያዋን ታገኛለች። ሻወርም «ወሰደ»ን ይዞ ነው የመጣው፤ ገላን መታጠብ ግን አሁንም ንጹሕ ያደርጋል።

ዜና ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች ግን አንድ ልመና አለኝ። ሻወሩንም ኮርሱንም የፈለገ ይውሰደው። እርምጃ ላይ ስትደርሱ ግን ገደለ፣ አሰረ፣ አፈረሰ፣ ንግድ ፈቃድ ሰረዘ ብላችሁ የሆነውን ጻፉ፤ ያደረገው ማን እንደሆነም ጨምሩ።