“ብለዋል” ማን ናቸው?

የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም የማያደናቅፈው ተማሪ አለ ቢባል እኔ አላምንም። ሰንጠረዡንማ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ “አይ፣ ማይ፣ ሚ፣ ማይን” እያልን ነው ያደግነው። ወረታ ያለው ታናሽ ወንድሜም ዛሬ በዚያው ዜማ ያነበንበዋል። ችግሩ የሚመጣው አፍ ሲከፈት ነው።

አማርኛ ተውላጠ ስሙን ግሱ ውስጥ ሸሽጎ ይዞራል። “ወደድኩት” ስንል “እኔ”ም “እሱ”ም አንድ ቃል ውስጥ ገብተዋል። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ካልቆጠራችሁለት አይሰማችሁም። ዶርም ውስጥ “ዘ ቡክ አይ ቦውት ኢት ኢዝ ጉድ” የሚል ሰው የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ “የገዛሁት” ውስጥ ያለችው “ት” ናት “ኢት” ሆና የወጣችው። “ኢት” ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። እኛ ጋ ፀሐይ ትወጣለች፣ መኪና ትበላሻለች። የፎገራን ሰው ስለ ላሙ ሲያወራ “ኢት” በል ብትሉት ይቀየማችኋል።

ይህ ሁሉ በልምምድ ይስተካከላል። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ሰንጠረዥ በመሸምደድ የማይስተካከለውን ነው።

በሴሚስተሩ እረፍት አገር ቤት ሄጄ አክስቴን ስለ ሩዝ ቃለ መጠይቅ አደረግኋት። ሩዝ ለፎገራ ሜዳ የጥንት እህል አይደለም። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ቀድሞ የሚታወቀው በከብት ነበር። ሩዙ በ1970ዎቹ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር መጥቶ በጅግናና በሻጋ አምራቾች ማኅበራት ተጀመረ። “ኤክስ ጅግና” የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፤ እንጀራውም ጤፍና ሩዝ እየተቀላቀለ ይጋገራል።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። በእኛ በኩል ሴት በሬ ጠምዳ ማረስ የተለመደ ስላልሆነ፣ በሬ ያለው ሰው ያርስላትና ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። አረሙ ግን የእሷ ነው። ጎንበስ እንዳለች ውሃ ውስጥ ትውላለች፤ ሲደርስ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። የጻፍኩት ታሪክ ይኸው ነበር።

ቤት ውስጥ አክስቴን “አንቺ” ነው የምላት። ጽሑፌ ላይ ግን በጋዜጠኛ ወግ አከበርኳት። መምህራችን (የዲፓርትመንቱ ሰው ያውቃቸዋል፣ ሌላው “ሂ” ይሁኑ “ሺ” ይገምት) የባለታሪኩን ስም በፊደል ተኩ ብለውን ስለነበር እንዲህ ሆነ፦ “አርሶ አደር ‘ሀ’ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መሬታቸውን ለእኩል እንደሚሰጡ፣ አረሙን ግን ራሳቸው እንደሚያርሙ ተናግረዋል።”

ከዚያ ጽሑፋችንን ተለዋውጠን ወደ እንግሊዝኛ እንድንመልስ ታዘዝን። የእኔ የደረሰው ልጅ ጎበዝ ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። ሰዋስው ላይ አንዲት ግድፈት የለበትም። ግን አክስቴ ወንድ ሆና ተመለሰች። “አፍተር ሂዝ ዋይፍ ዳይድ” ይላል። ባሏን በሕይወት ሳለ “አንቱ” ስትለው የኖረችው ሴትዮ ራሷ ባል ሆና ቁጭ!

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ዜናው ራሱ ጠፍቷል። መሬት ያለው፣ አረም ለማረም ጤና ያለው ወንድ ምርቱን ለምን ለእኩል ይሰጣል? እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ሰውየው ሰነፍ ነው ብሎ ያልፋል። ለአክስቴ ደውዬ በእንግሊዝኛ ወንድ አድርገውሻል ብላት፣ “ታዲያ በሬ ሰጡኝ?” አለችኝ።

ልጁን መውቀስ አይቻልም። እስቲ አማርኛውን እንደገና እዩት። “አርሶ አደር” ፆታ የለውም። “ባለቤት” ባልም ሚስትም ነው። “ካረፉ”፣ “ራሳቸው”፣ “ተናግረዋል”፣ ሁሉም አክብሮቱን እንጂ ፆታውን አይነግሩም። እንግሊዝኛ ደግሞ “ሂ” ወይም “ሺ” ሳትሉ አንድ እርምጃ አያስኬዳችሁም፤ ለአክብሮቱ ግድ የለውም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም “ዩ” ብሎ ይጠራል። ለነገሩ “ዩ” ድሮ “እናንተ” ነበር። “ዛው” የሚባል “አንተ” ነበራቸው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደ። እንግሊዞች ውሻቸውን ሳይቀር “እናንተ” ይላሉ ማለት ነው።

አንዷ ልጅ “ዘይ” ብንልስ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2017 “ዘይ” ለአንድ ሰው እንዲያገለግል በጠባቡም ቢሆን ፈቅዷል። የእኛም “እሳቸው” ቢመረመር “ራስ” ላይ የብዙዎች “-ኣቸው” ተቀጥሎበት ነው፤ ለአንድ ሰው ክብር ብዙ ቁጥር ተዋስን። ለአክስቴ ግን “ዘይ” አይሆናትም። የሚያስፈልጋት “ሺ” ናት፤ አለበለዚያ በሬው የት እንደጎደለ አይታይም።

ሌላው ወጥመድ “እኔ” ነው። “ሩዙን እስከ ሰኔ አልሸጥም ብለዋል” ስንል የማይሸጠው ማን እንደሆነ ለእኛ ግልጽ ነው። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው ግን “አይ” ይሆንና ሩዙ የጋዜጠኛው ሆኖ ያርፋል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ የአማርኛ ጠባይ ይዞ ዴቪድ ካፕላን የተባለውን ፈላስፋ ተከራክሮበታል። እኛ ነጥብ የሚቀነስብን ነገር እዚያ የፍልስፍና ክርክር ነው!

አሁን ሦስት ሆነን የምንለማመደው እንዲህ ነው። ከበኩር ጋዜጣ አንድ ዜና እንመርጥና “ብለዋል” ባለበት ሁሉ በእርሳስ “ሂ”፣ “ሺ” ወይም “ዘይ” እንጽፋለን። ስሙ ወይም “ወይዘሮ” የሚለው ማዕረግ ካልነገረን የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን። በራሳችን ደብተር ላይ ደግሞ ከጥቅሱ ጎን “ወ” ወይም “ሴ” ጽፈን ነው ከቃለ መጠይቅ የምንነሳው። ማክሰኞ ከ10 ሰዓት በኋላ ላይብረሪ ጀርባ ነን፤ መምጣት የሚፈልግ ጋዜጣና እርሳስ ይዞ ይምጣ።