ስሙን ትተን…

ባለፈው ሴሚስተር በሴሚናር ኮርሳችን እያንዳንዳችን አንድ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል መርጠን በ15 ደቂቃ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ጓደኞቼ እነ ኤችቲቲፒን፣ እነ ዲኤንኤስን ቀድመው ተሻሙ። እኔ (ውሸት ምን ያደርጋል) አርፍጄ ስለደረስኩ የቀረኝ "ፐብሰብሀበብ" የሚባል ነገር ነበር።

ርዕሱ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ከኋላ ሆኖ "ፐብ ሰብስብ ነው ያልከው?" አለኝ። እኔም ሳቁ ጣመኝና "አዎ፣ ካምፓሱ በር ላይ ያሉትን ፐቦች በሙሉ ይሰበስባል" ብዬ ቀጠልኩበት። ሲስቁ እጨምራለሁ፤ ስጨምር ይስቃሉ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት ደቂቃ በልቻለሁ።

በዚህ ስም የሳቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ካደረጉት መካከል በጊዜው ጉግል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ብራድ ፊትዝፓትሪክና ብሬት ስላትኪን ይገኙበታል። ስሙን የሠሩት "ማተም" እና "መመዝገብ" የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አሳጥረው፣ መሀል ላይ የሚቀመጠውን "ሀብ" ጨምረው፣ መጨረሻውን ደግሞ ጫጫታ የሚል ትርጉም እንዲሰጥ አድርገው ነው። ነገሩ ለፈጣሪዎቹ ጨዋታ ነበር። ለሰሚው ግን ምላስ የሚያስር ሆነበትና ወዲያው መቀለጃ ሆነ። ስሙን መጥራት የሰለቻቸው "ፑሽ" ብለው አሳጠሩት።

እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው? ከራሳችን ኑሮ ልጀምር። ፈተና ከተፈተንን በኋላ "ውጤት ተለጠፈ ወይ?" እያልን በቀን አምስት ጊዜ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው እንመላለሳለን። አራቱ ጊዜ ባዶ ልፋት ነው። በድረ ገጾችም ዘንድ እንዲሁ ነበር። አዲስ ጽሑፍ መውጣቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰርቨር፣ ኖረም አልኖረም በየጊዜው እየሄደ ይጠይቃል። ጠያቂው ሲበዛ ተጠያቂው ይደክማል። በፐብሰብሀበብ ግን አንባቢው ሀቡ ዘንድ አንድ ጊዜ ይመዘገባል። አዲስ ነገር ሲወጣ አታሚው ለሀቡ ይነግረዋል፤ ሀቡም ለተመዘገቡት ሁሉ ያደርሳል። ዩቲዩብን የመሰለ ትልቅ አገልግሎት በአንድ ቻናል ላይ አዲስ ቪዲዮ መጫኑን ለሌሎች ፕሮግራሞች ለማሳወቅ ይህንኑ መንገድ ተጠቅሟል።

ይህን በጥድፊያ ተናግሬ ስጨርስ መምህራችን እጃቸውን አነሱ። "ስሙን ትተን" አሉ፣ "እኔ ተነስቼ ያንተን አድራሻ ባስመዘግብ፣ ያልጠየቅከው መልእክት ሲጎርፍብህ ሊያድር ነው? ሀቡስ ቢወድቅ?"

ዝም አልኩ። መልሱ ስላይዴ ላይ ነበር፤ ግን አልደረስኩበትም። ሀቡ የምዝገባ ጥያቄ ሲመጣለት ዝም ብሎ አይቀበልም። በተሰጠው አድራሻ በዘፈቀደ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይልካል። የአድራሻው ባለቤት በእርግጥ ጠይቆ ከሆነ ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ይልካል። ካልጠየቀ ምዝገባው አይጸናም። ሀቡ ቢወድቅ ደግሞ አታሚው አስቀድሞ ከአንድ በላይ ሀብ ማሳወቅ ይችላል። ሁለት ሌሊት ያነበብኩት ይህንን ነበር። ለሳቅ ስል የሸጥኩትም ይህንኑ ነው። ውጤቴም እንደዚያው ሆነ።

በጣም የከነከነኝ ግን ውጤቱ አይደለም። ስሜ አሞራው ነው። ያወጡልኝ አያቴ ናቸው። በእኛ አገር አሞራ ማለት ፈጣን፣ ከሩቅ አይቶ የማይስት ማለት ነው። ከተማ መጥቼ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ግን መምህሩ ስሜን በጠሩ ቁጥር ከኋላ ክንፍ የሚያራግብ አይጠፋም ነበር። ቀልዱ እስኪያልፍ የምናገረውን የሚሰማ ሰው አልነበረም። አንድ ሰሞን ስሜን ላስለውጥ ብዬ አባቴን ብጠይቃቸው "ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ልጄ" ብለው ዘጉኝ። ይህን ሁሉ ያየሁ ሰው፣ ያን ዕለት በፕሮጀክተሩ ፊት ቆሜ እኔው ራሴ ክንፍ አራገብኩ።

ታዲያ ጥፋቱ የሳቂው ብቻ ነው? እንደዚያ ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይሆንም። ፕሮቶኮሉ የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር ዘንድ ደርሶ ሲሠራበት ስሙ "ዌብሰብ" ተብሎ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 የጸደቀውም በዚሁ አዲስ ስም ነው። ሰው ስሙን ለዘመዶቹ ይዞ ይኖራል። ፕሮቶኮል ግን የሚኖረው በማያውቁት ሰዎች መሀል ነው። በስልክ ሊነግሩት፣ ሰምተው ሊጽፉት፣ አለቃን ሊያሳምኑበት የማይቻል ስም ሥራውን ያስቀርበታል። ስለዚህ ስም ማውጣትም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ ኮድ ጽፈን ከጨረስን በኋላ የምንጫወትበት ትርፍ ነገር አይደለም።

ለሰሚውም የራሱ ድርሻ አለው። ስሙ ሊቀየር ይችላል። በሳቅ ያለፈችው ሰባት ደቂቃ ግን አትመለስም።

ዘንድሮ ሴሚናር የምትወስዱ ታናናሾቻችን፣ ስሙ የሚያስቅ ርዕስ ቢደርሳችሁ አትሽሹት። አንድ ጊዜ ሳቁና እለፉ። እንደ መምህራችን "ስሙን ትተን" የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጥፋ። እኔም ያልደረስኩባትን ስላይድ እነሆ እዚህ አቀረብኩ፤ ዘግይታም ቢሆን ትቆጠርልኝ።