ዝምታ ውሸት አይደለም

አሜሪካ የምንኖር ሐበሻ ሙስሊሞች ፖሊስ የጠየቀንን ሁሉ መመለስ ጨዋነት ይመስለናል፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። የአገሩ ሕገ መንግሥት 5ኛ ማሻሻያ ግን ወረቀት ለሌለውም ስደተኛ ዝም የማለት መብት ይሰጣል።

ኤርፖርት ላይ ነገሩ ይለያል፦ ዜጋ የሆነ ሰው ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ «የትኛው መስጂድ ነው የምትሰግደው?» ሲባል ባይመልስ ይጉላላ ይሆናል እንጂ ከመግባት አይከለከልም፤ ባለ ቪዛን ግን ዝም ካለ ወደ መጣበት ሊመልሱት ይችላሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ፈርቶ መዋሸት ነው። ለፌደራል መርማሪ ሆን ብሎ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ በዲናችንም ሐራም ነው። ዝም ያለ ሰው ግን አልዋሸም። ስለዚህ ወይ እውነቱን እንናገር፣ ወይ በአደብ «ጠበቃ ሳላማክር አልመልስም» እንበል። አላህ ስደት ላይ ያለነውን ሁሉ ይጠብቀን።