ከአቃቂ ድልድይ እስከ አዋሽ ገደል

እናቶችና እህቶች፣ የአቃቂን ድልድይ ስትሻገሩ ከታች የሚፈሰው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኛም ዓመታት ተመላልሰንበት አላሰብነውም ነበር። ባለፈው የዕረፍት ጊዜያችን ግን ሦስት ቤተሰቦች ሆነን አንድ ሚኒባስ ተከራየን፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ እንዲሁም ሁለት ጀሪካን የመጠጥ ውሃ ጭነን ወደዚያው አቅጣጫ ወረድን።

የእናት ሥራ በመንገድም እንዳይከተላት አስቀድመን ሥራ ተከፋፈልን። አባቶች ሻይ አፈሉ፣ ልጆች ዕቃ አጠቡ። ይህን እናንተም ሞክሩት፤ አለዚያ ጉዞው ለእናትየዋ ማድቤት መቀየር ብቻ ይሆናል።

ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ አገሩ ሌላ ነው። ከአቃቂ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ስለሚወረድ ሙቀቱ ይበረታል። የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ተኝቷል፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ ከፊት ለፊት ይታያሉ። በዚህ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. መሬት ደጋግሞ በመንቀጥቀጡ ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አጣሩ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመ ነው። ልጆቹ ቀንዱ እንደ ጦር የቀናውን ሳላ በዓይናቸው አዩ፤ ከርከሮና ዝንጀሮም አልጠፉ። ሌሊቱን ጠባቂዎች ባመለከቱን ቦታ መኪናችን ውስጥ አደርን። ወንዙ አዞ ስላለበት ልጆችን ወደ ዳሩ አታስጠጉ።

በማግሥቱ ፏፏቴውን አይተን ከገደሉ አፋፍ ቆምን። ወንዙ ዓለቱን ሰንጥቆ ከታች እንደ ቀጭን መቀነት ይታያል። ከልጆቹ አንዷ፣ «ይህ የእኛ ወንዝ ነው?» ስትል ጠየቀች። አዎን፣ የእኛም አለበት። የአቃቂ ወንዝ ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም የቆቃን ግድብ አልፎ ይህን ገደል ይሰነጥቃል፤ ከዚያም በአፋር በረሃ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ከብት ያጠጡበታል፣ እርሻ ያለሙበታል፣ እናቶችም በእንስራና በጀሪካን ይቀዱታል። እኛ ከአቃቂ የምንደፋው ቆሻሻና ከፋብሪካዎች ሳይጣራ የሚለቀቀው ፍሳሽ ወደዚያው ይወርዳል። ፋብሪካውን አንዲት እናት ብቻዋን አታስቆመውም፤ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ፣ ነዋሪው በቀበሌው ስብሰባ ሊጠይቅ ግን ይችላል። የቤታችን ጥራጊ ደግሞ በእጃችን ነው፤ ወንዙ ውስጥ አንጣለው። ከታች የምትቀዳ እናት አለች።